ገዝቶ መሄድና ተቀምጦ መብላት፦ ስለ ምግብ አዳራሾች ከሰሜን ሸዋ ለደረሱን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ከሰሜን ሸዋ የተላኩ አምስት ጥያቄዎች በአንድ ጉዳይ ላይ የሚያተኩሩ ናቸው፤ ጉዳዩም ብዙ የምግብ ሻጮችን በአንድ ጣሪያ ሥር ሰብስቦ መቀመጫውን የጋራ የሚያደርገው የምግብ አዳራሽ ነው። ጥያቄዎቹን አሳጥረን፣ የጠያቂዎቹን ስም ትተን አቅርበናቸዋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት የውጭ አገር ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በከተማችን በግንባታ ላይ ያለ አንድ ሕንፃ ባለቤት «ፉድ ኮርት» እከፍታለሁ እያለ ነው። አዲስ አበባ የሚኖረው የእኅቴ ልጅ ደግሞ «ፉድ ኮርትና ፉድ ሆል ይለያያሉ» ብሎ ተከራከረኝ። ልዩነቱ ምንድን ነው? እንዲህ ያለው ነገርስ ሥጋ ቤትና ሻይ ቤት ለለመደ ሕዝብ ይሆናል? (ጡረታ የወጡ መምህር፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ሁለቱም መቀመጫው የጋራ፣ ማብሰያው የየግል የሆነባቸው ቦታዎች ናቸውና እስከዚህ ድረስ የሕንፃው ባለቤትና የእኅትዎ ልጅ አልተለያዩም። ልዩነቱ ያለው ሻጮቹ እነማን እንደሆኑና ከበሰለው ጎን ጥሬው መሸጥ አለመሸጡ ላይ ነው። ፉድ ኮርት በሞል ውስጥ ዕቃ ሲገዛ የዋለ ሰው እግሩ ሲዝል አረፍ ብሎ የሚበላበት ሲሆን፣ ዙሪያውን የሚደረደሩትም ብዙውን ጊዜ በየቦታው ቅርንጫፍ ያላቸው የፈጣን ምግብ ድርጅቶች ናቸው። ሰው እዚያ የሚበላው ሞሉ ውስጥ ስለተገኘ እንጂ ለምግቡ ብሎ ስለመጣ አይደለም። በምግብ አዳራሽ ግን የመምጫው ምክንያት ምግቡ ራሱ ነው። ሻጮቹ በአብዛኛው በአንድ ነገር የተካኑ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ዳቦ ብቻ፣ ሌላው ዓሣ ብቻ፣ ሌላው አይብ ብቻ ይዞ ይቆማል፤ ደንበኛውም ከዓሣው ጥቂቱን እዚያው አሠርቶ ይበላና ለእራት የሚሆነውን ጥሬውን አስጠቅልሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

አሠራሩ የመጣው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ከትልልቅ መደብሮች ነው፤ በለንደን የሃሮድስ የምግብ አዳራሾች፣ በበርሊን ደግሞ በ1907 የተከፈተው የካዴቬ መደብር ስድስተኛ ፎቅ ለዚህ ስመ ጥር ናቸው። ሁለተኛው ከአሮጌ የገበያ አዳራሾች ነው። የአውሮፓ ከተሞች በ19ኛው ክፍለ ዘመንና በ20ኛው መባቻ ለሥጋና ለአትክልት ሻጮች በብረትና በመስተዋት የተሠሩ ሰፋፊ አዳራሾችን አቁመው ነበር፤ ሱፐርማርኬት ሲስፋፋ ግን ብዙዎቹ ደንበኛ አጡ። በማድሪድ በ1916 የተጠናቀቀው የሳን ሚጌል ገበያ እንዲሁ ተዳክሞ ከቆየ በኋላ በ2009 የተዘጋጀ ምግብ የሚቀመስበት አዳራሽ ሆኖ ተከፈተ። ሥራውም ደራ፤ ነገር ግን የሚሞላው በአብዛኛው በቱሪስት ነው፤ ዘንቢል ይዛ ድንችና ሽንኩርት ልትገዛ የምትገባ የሰፈር ሴት እምብዛም አትታይበትም። በሊዝበን የሪቤራ ገበያ የተወሰደው መንገድ ለእኔ የተሻለ ይመስለኛል፤ በ2014 የገበያው አንድ ወገን ወደ ምግብ አዳራሽ ሲለወጥ ሌላው ወገን አትክልትና ዓሣ የሚሸጥበት የቀድሞው ገበያ ሆኖ ቀጥሏል።

ለሕዝባችን ይሆናል ወይ ለሚለው ጥያቄዎ፣ ቢያስተውሉት ስሙ ሳይኖር ነገሩ የኖረ ነው። በደብረ ብርሃን ወደ አንድ ሥጋ ቤት ሲገቡ የሚሆነውን ያስቡ። ከተሰቀለው ሥጋ ፊት ቆመው «ከዚህ ጨምርበት፣ ከሻኛውም ጣል አድርግበት» እያሉ በጣትዎ ያመለክታሉ፤ ይመዘናል፤ ግማሹ ለቁርጥ፣ ግማሹ ለጥብስ ይለያል፤ የተለየ አንድ ኪሎ ደግሞ ለቤት ይጠቀለልና ከሚዛኑ ጎን ይቀመጥልዎታል። እንጀራው ከጎረቤት እንጀራ ጋጋሪ ይመጣል፤ ቢራው አጠገቡ ካለው ግሮሰሪ ይታዘዛል፤ ሊስትሮው ጫማዎን እየጠረገ የቆሎ ሻጯ ልጅ ሥኒ ሙሉ ቆሎ ትሰፍርልዎታለች። በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አራትና አምስት ነጋዴ ተገበያየ ማለት ነው። ገዝቶ መሄድና ተቀምጦ መብላት ከአንድ ሚዛን የሚወጡበት ይህ ቤት ከሞል ፉድ ኮርት ይልቅ ለምግብ አዳራሽ የቀረበ ነው።

ስለዚህ የሕንፃውን ባለቤት የሚያገኙት ከሆነ አንድ ነገር ይንገሩልኝ። አዳራሹን በበርገርና በፒዛ መደብ ብቻ ከሞላው በአዲስ አበባ ያለውን አሳንሶ መቅዳት ይሆንበታል። በዙሪያው ግን የምንጃር ጤፍ፣ የሸኖ ቅቤ፣ የመንዝ በግ፣ ከጣርማ በር ቁልቁል ከሸዋ ሮቢት ቆላ የሚወጣ ፓፓያና ማንጎ፣ የራሱ የደጋው ገብስ፣ ባቄላና ምስር አለለት። የገብሱ ባለሙያ በሶውን እዚያው በጥብጣ፣ ጭኮውን አሽታ፣ ዱቄቱንም በኪሎ መዝና የምትሸጥበት መደብ ቢኖር፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚያልፍ መንገደኛ እንኳ የሚቆምለት ነገር ያገኛል።

ጥያቄ፦ ላለፉት ዓመታት በተከራየኋት አንዲት ክፍል ሽሮና በያይነቱ እየሠራሁ ልጆቼን አሳድጌአለሁ። አሁን በሚከፈተው አዳራሽ መደብ ውሰጂ እየተባልኩ ነው፤ ኪራዩ ግን በወር የተቆረጠ ሳይሆን «ከሽያጭሽ ላይ 25 በመቶ» ነው። ይህ ያዋጣኛል ወይስ ወጥመድ ነው? (የምግብ ቤት ባለቤት፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እመቤቴ፣ አሠራሩ ራሱ ማታለያ አይደለም፤ በሌሎች አገሮች በሚገኙ የምግብ አዳራሾች ከጠቅላላ ሽያጭ ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚወስዱ አሉ። ያዋጣዎ እንደሆነ ለማወቅ ግን ሒሳቡን በራስዎ ቁጥር መሥራት ይኖርብዎታል። ለምሳሌ ያህል፣ አሁን በወር የ20,000 ብር ኪራይ የሚከፍሉ ቢሆን፣ በ25 በመቶው ስሌት ይህንኑ ያህል የሚከፍሉት የወር ሽያጭዎ 80,000 ብር ሲደርስ ነው። ከዚያ በታች ሲሸጡ የመቶኛው ክፍያ ይሻልዎታል፤ ከዚያ በላይ ሲሸጡ የተቆረጠው ይሻልዎታል። መቶኛው ገበያ በሚቀዘቅዝበት ወር የኪሳራውን ሸክም ለአከራይዎም ያካፍለዋል፤ አከራዩም አዳራሹ ሰው እንዲገባበት የሚተጋበት ምክንያት ያገኛል፤ የተቆረጠ ኪራይ የሚቀበል አከራይ ግን እርስዎ ሸጡ አልሸጡ ግድ የለውም።

በደንብ ሊያስቡበት የሚገባው ግን የሚቆረጠው ከትርፍ ሳይሆን ከጠቅላላ ሽያጭ መሆኑ ነው። 100,000 ብር ቢሸጡና ከዚያ ውስጥ 40,000 ለእህል፣ ለዘይትና ለበርበሬ፣ 15,000 ለሠራተኛ ቢወጣ፣ 25,000 ለአዳራሹ ሲከፍሉ የሚቀርዎ 20,000 ነው፤ ጋዝና ማጓጓዣው ገና አልተነሣም። ስለዚህ የ25 በመቶው ክፍያ ምን ምን እንደሚያካትት በጽሑፍ ይጠይቁ። ብዙ ቦታ እንዲህ ያለው ክፍያ የጠረጴዛና የወንበር፣ የጽዳት፣ የሳህን ማጠቢያ፣ የጥበቃ፣ የውኃና የመብራት ወጪ ሁሉ የታሰበበት ነው። እነዚህ ካልተካተቱ፣ በተለይም መብራት በሚጠፋበት ጊዜ የጄኔሬተሩ ነዳጅ በእርስዎ ላይ የሚታሰብ ከሆነ፣ 25 በመቶው ውድ ነው።

ሌላው ነገር ገንዘቡ በማን እጅ እንደሚገባ ነው። ደንበኛው በአንድ የጋራ መቀበያ ከፍሎ ወደ እርስዎ ደረሰኝ ብቻ ይዞ የሚመጣ ከሆነ፣ ሽያጭዎ የሚደርስዎ አከራዩ ድርሻውን ቆርጦ ሲያስተላልፍልዎ ነው። በየስንት ቀኑ? በሳምንት ከሆነ የነገውን ሽንኩርት በምን ገንዘብ ይገዛሉ? ይህን ሳያስጽፉ አይፈርሙ። በአዳራሹ ስንት የጾም ምግብ ሻጭ እንደሚገባም ይጠይቁ፤ ከአሥር መደብ አራቱ ሽሮ ቢሠሩ ከአራቱ አንዷ የሚሆኑት እርስዎ ገበያ ተካፋይ እንጂ ተወዳዳሪ አይደሉም። የእርስዎ ገበያ ከሥጋ ሻጩ የሚለይበት አንድ መልካም ነገርም አለ፤ ከረቡዕና ከዓርብ ሌላ 55 ቀን በሚቆየው ዐቢይ ጾም እርሱ ሲቀዘቅዝ እርስዎ ይሞቃሉ፤ በመቶኛ የሚከፈለው ኪራይም ያን ጊዜ ከፍ እንደሚል አስቀድመው ይወቁት።

ስለ ሙያው ምክር መስጠት ለእርስዎ የሚገባ አይደለም፤ ስለ ቦታው ግን አንዲት ቃል ልጨምር። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ምስሩና ክኩ የሚዘገየው ለዚህ ነው። በመደብዎ ላይ ያለው ምድጃ ትንሽ ከሆነ ጥራጥሬውን ሌላ ቦታ አብስለው ማምጣት ግድ ይሆንብዎታል። የበሰለ ምግብ ደግሞ ከ60 ዲግሪ በላይ ሞቆ ካልቆየ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊበላ ይገባዋል። ሰፊና ጣሪያው ከፍ ያለ አዳራሽ በከተማችሁ ብርድ ወጡን ቶሎ ያቀዘቅዘዋልና ማሞቂያ ያለው የወጥ ማስቀመጫ ማን እንደሚያቀርብ ከውሉ ውስጥ ይግባ።

ጥያቄ፦ እኛ ዘንድ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ተጎራብቶ፣ በሰርግና በለቅሶ ተጠራርቶ የሚኖር ነው፤ ሥጋው ግን የየራሱ ነው። በአንድ አዳራሽ ይህ እንዴት ይሆናል? ጾመኛስ ከጥብስ ጎን ተቀምጦ ይበላል? (የወጣቶች ማኅበር አባላት፣ ከሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ ከደረሱን ጥያቄዎች ሁሉ ክብደት ያለው ይህ ነው፤ ሕንፃ የሚነድፉ ሰዎችም ብዙ ጊዜ የሚያስታውሱት ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። መቀመጫው ችግር የለውም። በእናንተ አገር ሁለቱ ወገኖች በአንድ ድንኳን ሥር ተቀምጠው ለየራሳቸው የታረደውን መብላት የለመዱት ነው፤ ደጋሹ ለእንግዶቹ ለብቻ አሳርዶ፣ በለየው ዕቃ አሠርቶ ያቀርባል። አዳራሹም ሊወስድ የሚገባው ይህንኑ ሥርዓት ነው።

ችግሩ ያለው በጓዳ ነው። የምግብ አዳራሽ ወጪ ከሚቆጥብባቸው ነገሮች አንዱ የጋራ ማጠቢያ ነው፤ የሁሉም ሻጭ ሳህን በአንድ ቦታ ታጥቦ ተመልሶ ለሁሉም ይከፋፈላል። በእኛ አገር ግን ተጠቃሚው የሚሸሸው ይህንኑ ነው። አንድ ዓርብ ቀን በአዲስ አበባ በአንድ እንዲህ ያለ ቦታ ከጓደኞቼ ጋር ተቀምጬ ያየሁትን ላንሣ። የጥብስ መደቡ ልጅ ቢላዋውን በጨርቅ ጠረግ አድርጎ ለጎረቤቱ አቀበለው፤ ጎረቤቱም ያንኑ ቢላዋ ይዞ የጾም ሰላጣ ቲማቲም መክተፍ ጀመረ። ከእኛ ጋር የነበረችው ጾመኛ ምንም ሳትናገር ሳህኗን ወደ መሀል ገፋ አደረገችና ሻይ አዘዘች። ሻጮቹ ክፋት አልነበረባቸውም፤ የሁለቱን ቢላዋ የሚለይ ሥርዓት ያበጀላቸው ግን አልነበረም።

በሲንጋፖር የሚገኙት የጋራ የምግብ ማዕከላት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆኑናል። ከተማዋ ቻይናዊው፣ ማላዩና ሕንዱ የሚኖርባት ስለሆነች የሙስሊም ምግብ የቀረበበት ትሪ የሚመለስበት መደርደሪያና የሌላው የሚመለስበት ተለይተው ተሠርተዋል፤ ሁሉም ግን በአንድ ዓይነት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። እናንተም አዳራሹን የሚሠራውን አካል ገና በንድፍ ላይ ሳለ ልትጠይቁት የሚገባው ሦስት የተለያዩ ማጠቢያዎች እንዲኖሩ ነው፤ ለክርስቲያን ሥጋ፣ ለሙስሊም ሥጋና ለጾም። የሳህኑ ቀለም ቢለያይ ደግሞ ከሩቅ ይታወቃል። የእጅ መታጠቢያውም ከመግቢያው አጠገብ ብዙ ቧንቧ ያለው ይሁን፤ በእጁ የሚበላ ሕዝብ በሁለት ቧንቧ ፊት ተሰልፎ ሊቆም አይገባውም። ከውጭ የመጡ ንድፎች ይህን አያውቁትም።

ስለ ጾመኛውና ስለ ጥብሱ ሽታ፣ የጭስ መሳቢያው በደንብ ከሠራ ግማሹ ነገር ይቃለላል። ግማሹ የጾመኛው የራሱ ጉዳይ ነው።

ጥያቄ፦ የምግብ አዳራሹን አራተኛ ፎቅ ላይ ለማድረግ አስቤያለሁ፤ ምድሩ ለባንክና ለልብስ ሱቅ ጥሩ ዋጋ ያወጣልኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ? (ባለሀብት፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ጃፓናውያን ነጋዴዎች ለዚህ ሁለት ስሞች አሏቸው። ምግብን ከላይ ያደረገ መደብር ሰው ወደ ላይ ወጥቶ ሲወርድ በየፎቁ ስለሚገዛ «የሻወር ውጤት» ይሉታል፤ ምግብን ከምድር በታች ያደረገው ደግሞ ሰውን ከሥር ወደ ላይ ስለሚገፋ «የምንጭ ውጤት» ይባላል። በጃፓን ከተሞች የምግብ መሸጫው በብዛት ያለው ከምድር በታች ባለው የመደብሩ ፎቅ ነው፤ ከባቡር የወረደ ሰው የእራቱን ይዞ እንዲያልፍ፣ ውኃውም ጋዙም የዕቃ ማስገቢያውም እንዲቀርብ ታስቦ ነው። ከመዘጊያው ሰዓት በፊት የቀረው ምግብ ዋጋ ይቀንሳል፤ ያን ጠብቆ የሚመጣ ደንበኛም ብዙ ነው።

የሻወሩ ውጤት የሚሠራው ሊፍቱ ሲሠራ ነው። መብራት ጠፍቶ አሮጊት እናቱን ይዞ የመጣ ሰው በደረጃ አራት ፎቅ አይወጣም፤ አንድ ኩንታል ጤፍ ተሸክሞ የሚወጣው ሠራተኛም በየቀኑ ያማርራል። በተጨማሪም ጥሬ ዕቃ የሚገዛ ሰው መንገድ አላፊ ነው፤ ከመንገድ ካልታየ አይገባም። ምድሩ ለባንክ የተሻለ ኪራይ ቢያወጣም ባንኩ በ10 ሰዓት ከዘጋ በኋላ ሕንፃዎ ይጨልማል። ምድሩን ለሁለት ይክፈሉት፤ በመንገዱ በኩል ያለው ለምግቡ ይሁን።

ጥያቄ፦ እኛ አውቶቡስ ሲቆም ቆሎ እየሸጥን የምንኖር ሴቶች ነን። አዳራሽ ተሠርቶ ሁላችሁም ወደ ውስጥ ትገባላችሁ ሲባል ሰምተን ፈራን። ይህ ለእኛ ይጠቅመናል ወይስ ያጠፋናል? (ቆሎ ነጋዴዎች፣ ከደብረ ሲና)

መልስ፦ ፍርሃታችሁ መሠረት አለው። በጎዳና የሚሸጡ ሰዎችን ወደ አዳራሽ ማስገባት በደንብ ከተሳካባቸው አገሮች አንዷ ሲንጋፖር ናት፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ የጎዳና ምግብ ሻጮችን መዘገበች፤ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ደግሞ መንግሥት ራሱ ውኃና ፍሳሽ ያላቸውን ማዕከላት እየሠራ አስገባቸው። ዛሬ ከ100 የሚበልጡ እንዲህ ያሉ ማዕከላት አሏት፤ ባህሉም በ2020 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ሰዉ ምሳ ሰዓት ላይ ቦታ የሚይዘው የመሐረብ ወረቀት እሽግ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሄዶ ነው፤ ማንም አያነሣበትም። ነገር ግን የተሳካላቸው ማዕከላቱ ሰው ከሚኖርበት ሰፈር አጠገብ ስለተሠሩና ለቀድሞዎቹ ሻጮች ኪራዩ ዝቅ ብሎ ስለተተመነ ነው። ለአዳራሽ የሚስማማው ተቀምጦ የሚበላ ደንበኛ ያለው ሻጭ ነው።

የእናንተ ደንበኛ ግን አይቀመጥም። ከጣርማ በር ወርዶ ወይም ሊወጣ ሲል ለጥቂት ደቂቃ የቆመ አውቶቡስ ውስጥ ሆኖ፣ እጁን በመስኮት አውጥቶ «ሁለት ፌስታል ስጪኝ» የሚል መንገደኛ ነው። ሾፌሩ ጥሩምባ እየነፋ እርሱ ወርዶ አዳራሽ አይፈልግም። ስለዚህ አዳራሹ ለቆሎው የሚጠቅመው መቁያና ማሸጊያ ቦታ ሆኖ ነው፤ ገብሱን በጋራ የምትገዙበት፣ ጭሱ በጭስ ማውጫ የሚወጣበት ምድጃ፣ እሽጉ ላይ የደብረ ሲና ስም የሚታተምበት ክፍል። መሸጫው ግን መንገዱ ዳር ይቅር። ለስብሰባ ስትጠሩ ይህንን ለዩና ተናገሩ፤ የምትጠይቁትም ከፀሐይና ከዝናብ የሚከልል፣ ሕፃን ያዘለች ሴት መኪና ሳይደርስባት የምትቆምበት፣ አውቶቡሱ ከሚቆምበት ከአሥር እርምጃ የማይርቅ ጠርዝ ያለው ዳስ ይሁን።